«ስለ ራስሽ ንገሪን»

የሚልጋ፣ ማለትም የተማሪ የገንዘብ ድጋፍ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ያው ነው፦ «ስለ ራስሽ ንገሪን።» ለሌላው ልጅ ይህ ቀላሉ ጥያቄ ነው፤ የእኛ ልጅ ግን እዚሁ ላይ ትያዛለች። አንገቷን ደፋ ታደርጋለች፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ስለ እናቷ ትናገራለች፣ ስለ አባቷ ትናገራለች፣ ስለ ወንድሞቿ ትናገራለች። ስለ ራሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይወጣት ሰዓቱ ያልቃል። ከማዶ ያሉት «አልተዘጋጀችም» ይላሉ። እኔ እዚያ ብቀመጥ «ጥሩ አድርገው አሳድገዋታል» እል ነበር።

እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ ከተማ፣ በትምህርት ቤቶችና በቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ወላጆች መካከል አገናኝ ሆኜ እሠራለሁ፤ በዕብራይስጥ ሜጋሼሬት ይሉናል። ራሴም በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣሁ ነኝ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ካጓጓዙት አውሮፕላኖች በአንዱ፣ እናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ። ማታ ማታ ወጣቶች ማመልከቻቸውን ይዘው ወደ ሰፈራችን ማትናስ ይመጣሉ፤ ማትናስ ማለት የሰፈር ማዕከል ነው። አንዳንዱ ከውትድርና የወጣ ገና ወሩ ነው፣ አንዳንዷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አብረን እናነባለን፣ አብረን እንሰርዛለን።

ከእነዚህ ማታዎች የተማርኩት ነገር ቢኖር ልጆቻችን ወደ ውድድሩ የሚገቡት የሠሩትን ሳይናገሩ መሆኑን ነው። ወላጆቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለው አሳደጉን። ራሱን የሚያሞግስ ሰው ነውረኛ ነው፤ መመስገን ካለብህ ሌላ ሰው ያመስግንህ። ይህ ትልቅ ሥርዓት ነው፣ ልጆቼንም ያሳደግሁበት ነው። ነገር ግን ያው ሕዝብ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሏል። ለልጆቻችን የመጀመሪያውን አውርሰናቸው ሁለተኛውን ረስተነዋል። የሚልጋ ኮሚቴ ደግሞ የሚፈርደው በተጻፈውና በተነገረው ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ወላጆች ሁሉንም «ሚልጋ» ብለው ስለሚጠሩ ይምታታባቸዋልና። አንዱ መብት ነው። በ1968 የተቋቋመው የስደተኛ ተማሪዎች አስተዳደር፣ ሚንሃል ሃስቱደንቲም የምንለው፣ ከኢትዮጵያ ለመጡና እዚህ ለተወለዱ ልጆቻቸው፣ ዕድሜና ሌሎች መስፈርቶችን ካሟሉ፣ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። እዚያ ማንም ከማንም አይወዳደርም፤ ወረቀቱን አሟልቶ በሰዓቱ ማስገባት ይበቃል። ፔራሕም አለ፤ በ1974 ከቫይዝማን ኢንስቲትዩት የተነሳ ሲሆን፣ ተማሪው አንድን ሕፃን ዓመቱን ሙሉ እያስጠና ከራሱ የትምህርት ክፍያ ከፊሉን ያገኝበታል። ይህም ቢሆን ለሠራበት የሚሰጥ ነው።

ሌላው ውድድር ነው። በ1977 በኒና ቫይነርና በኤድመንድና ሊሊ ሳፍራ የተመሠረተው አይሴፍ ከአገሪቱ ማዕከል ርቀው ከሚኖሩ ወጣቶች መካከል ችሎታና የመሪነት ተስፋ ያላቸውን ይመርጣል። በ2009 የተጀመረው ሞሻል ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ፣ ውጤታቸው ከፍተኛ ለሆኑ ተማሪዎች ከትምህርት ክፍያ አልፎ የመኖሪያ ድጋፍም ይሰጣል፤ የሚፈልገው ግን በተመረጡ ተቋማት ውስጥ ሥራ የሚያስገኝ ሙያ የሚያጠኑትን ነው። ኢምፓክት የሚባለው ከተዋጊ ክፍል ለወጡና ቤተሰባቸው ለተቸገረ ወታደሮች ሲሆን፣ በምላሹ በየዓመቱ 130 ሰዓት ለማኅበረሰቡ ማገልገልን ይጠይቃል። ሄርጽሊያ ያለው ራይሽማን፣ በ1994 ተመሥርቶ በ2021 ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ መንግሥት ስለማይደጉመው ክፍያው ከሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ኢዝራኤል አት ሃርት የተባለው ድርጅት ለኢትዮጵያውያን ተወላጆች ባቋቋመው ነጻ የትምህርት ዕድል ብዙ ልጆቻችን ተምረዋል። እነዚህን ለማግኘት ጥሩ ተማሪ መሆን የመግቢያ ትኬት ብቻ ነው፤ ከገባህ በኋላ አጠገብህ የሚሰለፉት ሁሉ ጥሩ ተማሪዎች ናቸው።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ ሲደውሉ ስለ አሜሪካ ይጠይቁኛል። እዚያ ሌላ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን «ጎበዝ ነህ» ብለው ገንዘብ አይሰጡም፤ የተቀበሉትን ተማሪ ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ያህል ይረዳሉ። በውጤት ብቻ ገንዘብ የሚሰጡት ጥሩ ተማሪ ለመሳብ የሚሽቀዳደሙ ሌሎች ኮሌጆች ናቸው። ልጁ ማመልከቻ ከመክፈቱ በፊት ተቋሙ የሚሰጠው የትኛውን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ በሌለ በር ሲያንኳኳ ዓመት ይባክናል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። የሚልጋ ውድድር የሚጀምረው ሚልጋው ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ይመስለናል። አፉላ ውስጥ ያየሁት ግን ብዙ ልጅ ከውድድሩ የሚወጣው ከዚያ ስድስትና ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሂሳብ ተማሪዎች ሃክባጻ በሚባል የደረጃ ቡድን ይመደባሉ። አሥረኛ ክፍል ላይ ደግሞ ባግሩቱን፣ ማለትም የማትሪኩን ፈተና፣ ልጁ በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት የሒዶት (የትምህርቱ ደረጃ መለኪያ) እንደሚወስድ ይወሰናል። ዝቅተኛው ቡድን ውስጥ የገባ ልጅ ወደ አምስት መውጣት እጅግ ይከብደዋል፤ ያመለጠውን ትምህርት ብቻውን ማካካስ አለበትና።

ይህ ለምን ያህል እንደሚቆጠር ለወላጆች በወረቀት ላይ አሰላላቸዋለሁ። ዩኒቨርሲቲዎች ባግሩትን ሲያሰሉ ሂሳብን በአምስት የሒዶት ላለፈ ልጅ 35 ነጥብ ጉርሻ ይጨምራሉ፤ በአራት ላለፈ 12.5፤ በሦስት ላለፈ ምንም። ስለዚህ በአምስት 80 ያመጣች ልጅ 115 እንዳመጣች ትቆጠራለች፤ በሦስት 95 ያመጣው ልጅ 95ቱን ይዞ ይቀራል። ቤቱ ውስጥ የተመሰገነው ግን 95 ያመጣው ነው። ጠቅላላ 25 የሒዶት ባለው ባግሩት ውስጥ ያ ጉርሻ ብቻውን አማካዩን በ7 ነጥብ ያነሳዋል። ሐይፋ ያለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴክኒዮን፣ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ቀመር የባግሩት አማካይ በ0.5 ይባዛል፣ የፕሲኮሜትሪ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ውጤት በ0.075 ይባዛል፣ ከሁለቱ ድምር 19 ይቀነሳል። 7ቱ ነጥብ 3.5 ሆኖ ይገባል ማለት ነው። ያንኑ 3.5 ከፕሲኮሜትሪ ለማምጣት ከ200 እስከ 800 በሚሰጠው ፈተና ላይ 47 ነጥብ ያህል መጨመር ይጠይቃል። ለዚያ ዝግጅት ወጣቱ ከውትድርና ሲወጣ ብዙ ሺህ ሸቅል ከፍሎ ወራት ይቀመጣል። በአሥረኛ ክፍል ግን አንድ ጥሩ አስጠኚና አንድ ደፋር ወላጅ ያንኑ ነጥብ ሊያመጡለት ይችሉ ነበር።

በ2015 የትምህርት ሚኒስቴር በአምስት የሒዶት ሂሳብ የሚፈተኑ ተማሪዎችን ለማብዛት አገር አቀፍ ዘመቻ ጀምሮ ነበር፤ ቁጥሩም በእጅጉ ጨመረ። ያን ጊዜ የወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጄስ?» ብሎ የጠየቀ ወላጅ ተጠቀመ። የእኛ ወላጆች አልጠየቁም። አንድ ትልቅ ሰው ከስብሰባ ስንወጣ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እኔ ሂሳብ የት አውቃለሁ? መምህሯ ሦስት ይበቃዋል ካለች ታውቃለች።»

«አባባ፣ ሂሳቡን እርሷ ታስተምር፤ እርስዎ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋት። ‹ልጄ ወደ አምስት ለመውጣት ምን ይጎድለዋል? የጎደለውንስ ማን ያስተምረዋል?› ይበሏት።»

«መምህር ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል፣ አባባ። እዚህ አገር የማይጠይቅ ወላጅ የተስማማ ነው የሚመስላቸው።»

አገር ቤት መምህርን መጠየቅ መድፈር ነበር። እዚህ ደግሞ ዝም ማለት ፊርማ ሆኖ ይቆጠራል። አባባ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠየቁ። ዕብራይስጣቸው የተሰባበረ ቢሆንም ጥያቄው ሙሉ ነበር፤ መምህሯም ወንበሯን ወደ እርሳቸው አዙራ መለሰችላቸው። ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን ማጠናከሪያ ገባ። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

ወደ ድርሰቱ ልመለስ፤ ብዙው ማታ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነውና። ማመልከቻው «ስለ ራስህ በአንድ ገጽ ጻፍ» ይላል። ልጆቻችን የሚጽፉት የቤተሰብ መከራ ነው። ወላጆቼ በእግር ሱዳን ድረስ ሄዱ፣ ቤታችን ጠባብ ነው፣ አባቴ ዕብራይስጥ አይችልም። ሁሉም እውነት ነው፤ የሱዳንን መንገድ የሚያቃልል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ነገር ግን ኮሚቴው ችግሩን የሚያየው ከሌላ ወረቀት ነው፤ ከወላጆች የደሞዝ ወረቀት፣ ከቢቱአሕ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን ተቋም) ማስረጃ፣ ከቤተሰቡ ብዛት። ድርሰቱ የተሠራው አመልካቹ ራሱ ያደረገውን ለማሳየት ነው። መከራውን የተሸከሙት ወላጆቹ ከሆኑ ገጹ ላይ የሚታየው የወላጆቹ ጀግንነት ነው፤ ልጁ የለበትም።

አንዲት ልጅ ቴክኒዮን ለመግባት ስትዘጋጅ የሚልጋ ድርሰቷን አመጣችልኝ። ገጹ ሙሉ ስለ አባቷ ሕመም ነበር። አንብቤ ስጨርስ ጠየቅኋት።

«አባትሽን ሃዔሜቅ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ማነው?»

«እኔ።»

«ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገረውስ?»

«እኔ። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ።»

«ሐኪሙ የሚለው ሳይገባሽ ሲቀር ምን ታደርጊ ነበር?»

ዝም አለች። ከዚያ እንደምታፍር ሆና አንድ ደብተር እንዳላት ነገረችኝ። የአማርኛ ፊደል መጻፍ ስለማትችል አማርኛውን በዕብራይስጥ ፊደል ትጽፈዋለች። የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሐኪሙ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ይዘው እንዲመጡ እንዳዘዘ። እርሷ ትምህርት ቤት ስትሆን ታናሽ ወንድሟ ከዚያ ደብተር ለአባታቸው እያነበበ ያስውጣቸዋል። ሁለት ጎረቤቶችም ይህንኑ አሠራር ከእርሷ ወስደዋል።

«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ይሄ ምን ይጻፋል? ይሄን የማያደርግ ልጅ አለ እንዴ?»

አለ። ብዙ አለ። በሌላ ቤት ያደገ ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የደም ግፊት መድኃኒት መጠን አያውቅም፤ ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ አይመልስም፤ ለወላጁ አስተርጓሚ ሆኖ ከባንክ ሠራተኛ ጋር አይከራከርም። ይህ ኃላፊነት ነው፣ አሠራር መፍጠር ነው፣ ለሰው ማስተላለፍ ነው። ኮሚቴዎች «መሪነት» የሚሉት ይህንን ነው፤ ልጆቻችን ግን መሪነት ማለት የስካውት ቡድን መምራት ብቻ ይመስላቸዋል። ልጅቷ ገጹን እንደገና ጻፈችው። የአባቷ ሕመም ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አጠረ። ደብተሩ ግማሽ ገጽ ወሰደ። የቀረውን ግማሽ ለምን የሕክምና መሣሪያ ምህንድስና ማጥናት እንደፈለገች ጻፈችበት፤ ሐሳቡም ከዚያው ደብተር የተነሳ ነበር። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ለልጁ ድርሰት የሚጽፍለት ሰው ልጁን እየጎዳው ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚጠይቁት ከድርሰቱ ተነስተው ነውና፣ ያልኖረበትን ገጽ ሲያስረዳ ወዲያው ያውቁበታል።

ቃለ መጠይቁስ? እዚያ የሚያስቸግረው አስተዳደጋችን ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግርህ ዐይኑን ትኩር ብሎ ማየት አንወድም፤ ዝግ ብሎ መናገር ጨዋነት ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ይህን በራስ አለመተማመን ብሎ ሊያነበው ይችላል። ልጆቻችን አስተዳደጋቸውን እንዲጥሉ አልመክርም፤ ለመጣልም ጊዜ የለም። የምላቸው፦ ራስህን አታሞግስ፣ መስክር። «ጎበዝ ነኝ» አትበል፤ ያደረግኸውን ንገር፣ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ማን እንዳየው ንገር። «አዛዤ የአሥራ ሁለት ወታደሮችን የጥበቃ ተራ እንድመድብ ሰጠችኝ፣ ለስምንት ወር መደብኩ» የሚል ወጣት አልተመጻደቀም፤ የሆነውን ተናገረ። ምስክርነት በባህላችን የተከበረ ነው። ልጆቹም ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ሲቀልል አያለሁ።

ልምምዱን ቤት ውስጥ እንዲያደርጉት እመክራለሁ፤ በተለይ ቡና ሲፈላ። አያት ትጠይቅ፣ ልጁ ዐይኗን እያየ ይመልስ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቃሉ። አንዲት እናት «እንዲህ ሲያየኝ የሚቆጣኝ መሰለኝ» አሉኝ፤ እንዳይቀየሙት ለመንኳቸው። ከሦስተኛው ማታ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ልጁ በሠራዊቱ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ቤት ሲመጣ በልቶ ተኝቶ ይመለስ ስለነበር ነግሯቸው አያውቅም። ጥያቄ መጠየቅ ከዚያ በኋላ የጀመሩት እርሳቸው ናቸው፤ ከኮሚቴው የበለጡ ጠያቂ ሆኑ።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ልናገር። የአዛዥ ወይም የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠየቀው ሰውየው ሳይረሳችሁ ነው፤ ከውትድርና በምትወጡበት ሳምንት። የወላጆች የደሞዝ ወረቀት፣ ትሉሽ፣ በየወሩ ይቀመጥ። ከሠራዊት የወጣ ሰው የሚያገኘው ተቀማጭ ገንዘብ፣ ፒቃዶን፣ ለትምህርት መዋል እንደሚችል እያንዳንዱ እናት ትወቅ፤ መንጃ ፈቃድም ሠርግም ከዚያው ገንዘብ ይፈቀዳል፣ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚበሉትም እነርሱ ናቸው።

አንድ ክርክር በየቤቱ ይነሳል፦ ሩቅ ይሂድ ወይስ እዚሁ ይማር? ከአፉላ አጠገብ የዔሜቅ ይዝራኤል ኮሌጅ አለ፤ ልጁ እናቱ ቤት እያደረ ሊማርበት ይችላል፣ ጥሩ ኮሌጅም ነው። ቴክኒዮን ሐይፋ ነው። የሸለቆው ባቡር በ2016 እንደገና ሥራ ከጀመረ ወዲህ መንገዱ አጥሯል፤ ሐይፋ ወርዶ ደግሞ አውቶቡስ ወደ ተራራው ያወጣዋል። ቢሆንም የምህንድስና ተማሪ በየቀኑ ሲመላለስ ማታ ለጥናት የሚተርፈው ኃይል ጥቂት ነው። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ሚልጋው ኪራይንም የሚሸፍን ከሆነ ልጁ ይሂድ። የትምህርት ክፍያውን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ የሐይፋን ኪራይ፣ ምግቡንና ለቤተሰቡ የሚያጎድለውን ደሞዝ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ደምሩ፤ ከዚያ ወስኑ። ስሙ ትልቅ የሆነ ቦታ ገብቶ ሌሊት ጥበቃ እየሠራ ከሁለተኛ ዓመት የሚወጣ ልጅ አይቻለሁ፤ ያ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል «ልጄ ከዐይኔ አይራቅ» ተብሎ ብቻ የቀረች ልጅ ስታጋጥመኝ ዝም አልልም። ከመካከላችን በ2012 በኢትዮጵያ የእስራኤል አምባሳደር የሆነችው በላይነሽ ዘባድያ ኢየሩሳሌም ሄዳ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው። በ2016 ሁለት ሴቶች ከማኅበረሰባችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ ሲሆኑ፣ በ2020 ፕኒና ታማኖ ሻታ ሚኒስትር ስትሆን፣ ሰፈራችን ውስጥ እልልታ ነበር። እንዲህ ያለ እልልታ የሚፈልግ ወላጅ ልጁ ከዐይኑ እንድትርቅ መፍቀድ ሊኖርበት ይችላል።

ብዙዎቹ አመልካቾች አያልፉም፤ ይህን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። «አይሆንም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ወጣቱ «በቃ፣ እኛን አይፈልጉንም» ይላል። አንዳንዴ አድልዎ መኖሩን አልክድም፤ ይህን አገር ስለማውቀው አልክድም። ግን ደብዳቤው የመጣው ለዚያ ነው ወይስ የሂሳብ ውጤቱ አንሶ፣ አንድ ሰነድ ጎድሎ፣ ድርሰቱ የአባቱ ሆኖ፣ መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ደውለው እንዲጠይቁ አደርጋለሁ፤ ስልኩ ላይ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቦታ ምክንያት አይናገሩም፣ አንዳንድ ቦታ ግን በግልጽ ይናገራሉ። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላም ሌላ ውድድር አለ፤ ተቋማቱ በውጤታቸው ከፊት ለሆኑ ተማሪዎች የዲካን፣ ማለትም የዲን፣ ሽልማት ይሰጣሉ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የሚቀበሉ ሚልጋዎችም አሉ። በዚያ ጊዜ የሚታየው የፕሲኮሜትሪ ቁጥር ሳይሆን ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያመጣው ውጤት ነው። ባግሩቱ ደካማ የነበረ ልጅ በዚህ መንገድ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ መኺና፣ ማለትም የአንድ ዓመት መሰናዶ፣ ተምሮ ገብቶ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ከክፍሉ ፊት ወጥቶ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የሰባተኛ ክፍል ልጇን ይዛ ማትናስ መጣች። ለሚልጋ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። የመጣችው ሂሳብ ላይ የትኛው ሃክባጻ ውስጥ እንደተመደበና ለምን እንደሆነ መጠየቅ ፈልጋ ነው፤ ጥያቄዋን በዕብራይስጥ እንዴት እንደምትል ወረቀት ላይ አጽፋኛለች። ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ አነባበቡን ያርምላት ነበር። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ አብረን እንገባለን፤ የምትጠይቀው ግን እርሷ ናት።